የሁለተኛዋ ሙሽራ ነጠላ

ነይ እስቲ እታለም፣ ከሸራው ሥር ገባ በይ። ፀሐዩ ዛሬ ለገበያተኛም አላዘነም። በርጩማዋ ላይ አረፍ በይ፤ ቆሞ ጥለት የመረጠ ሰው የሚጸጸተው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ከኩልመስክ ነው የመጣሽው አይደል? ከአነጋገርሽ ለየሁሽ… ኧረ ልዋሽ ነው እንዴ በቅዳሜ! አብረውሽ የመጡት እመቤት፣ የሙሽራው እናት፣ ሳምንቱን ሙሉ «የሙሽራዋ እናት ገለቴ ቅዳሜ ትመጣለች» እያሉ ለሰፈሩ ሲነግሩ ነው የከረሙት። እኔ የትናየት እባላለሁ። ላሊበላ ገበያ ሸማ ስሸጥ ጸጉሬ ሸበተ።

መንገዱ እንዴት ነበር? መኪናው አጨናነቃችሁ? ይሁን፣ በሰላም ከገቡ ወዲያ መንገድ አይታማም። ገብሱስ ተሰበሰበ? እሰይ።

እሳቸው ግን ምነው ወደ በርበሬው ተራ ዘወር አሉ? ይህን ያህል ዘመን ሸማ የገዙት ከእኔ ነው። «ደኅና ሸማ የት አለ?» ብለሽ የጠየቅሽው ሁሉ ወደዚህ እየጠቆመ አስቸገራቸው መሰለኝ፤ እስከ ሸራዬ ጫፍ አደረሱሽና በርበሬ ትዝ አላቸው። መቼም ለሠርግ በርበሬ ይቀድማል። አየሽ፣ ከዚያ ሆነው ያዩናል። በእጄ ሰላም ልበላቸው… አዩኝ። በርበሬውን እንደገና ማሽተት ጀመሩ።

ይሄን ነጠላ እዪው። ፈትሉ የእጅ ነው፣ ጥለቱ መስቀል። ዳሰስ አድርጊው፣ አይዞሽ፣ በመዳሰስ አይከፈልም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን ድር ሲያብር ያየሁት ሙሽራ ሲያስር ነው።

እንኳን ደስ ያለሽ። ከትልቅ ቤት ነው የምትዛመጂው። የእሳቸውን ስም ልጥራው ብል ድፍረት ይሆንብኛል፤ ሳልጠራውስ በላስታ የማያውቃቸው ማን አለ? ዘር አዋቂ ናቸው። በክፉው ዘመን ሰው ጎታውን ጠርጎ ሲበላ፣ እሳቸው ለዘር ያስቀመጡትን ገብስ አልነኩም። ጎታውን በእበት መርገው፣ አመድ ነስንሰው፣ ከገዛ ልጆቻቸው ረኃብ ደብቀው… ጠብቀው ማለቴ ነው፣ ለከርሞ አደረሱት። እስከ ዛሬ ዘር የቸገረው ገበሬ እሳቸው ደጅ ነው የሚቆመው። አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ቆርጠም አድርገው «ይህ ይበቅላል፣ ይህ አይበቅልም» ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ… ኧረ ተሳስተው አያውቁም።

አንቺ ደግሞ ስምንት ወልደሻል አሉ። ስምንቱም ደኅና ናቸው? ተመስገን። እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ይባል ነበር፤ እሳቸው እናቷን ቆጥረው ልጅቷን አጩ። ስለ መልኳ አልጠየቁም፣ ስለ ሙያዋ አልጠየቁም፣ ስለ ትምህርቷም አልጠየቁም አሉ። «እናቷ ስንት ወለደች?» ብቻ። አየሽ፣ አዋቂ ሰው ጥያቄ አያበዛም።

ዘር ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ላጫውትሽ? የሰው ነገር አይደለም፤ የሰው ነገር አላወራም። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነው፤ ጠጁ ስለሌለን በምሳሌው እንቻለው። የገብስ ጨዋታ ነው።

አንዲት እመቤት ነበሩ አሉ። አንድ ማሳ ነበራቸው። ሌሎቹን ድረው ጨርሰው… ማሳ ይዳራል እንዴ? አፌ ነው። ሌሎቹ ለየሰዉ ተሰጡና አንዱ ቀረ ልበል። ከሁሉ የሚሳሱለት ማሳ ነው፤ ቁመናው መለሎ፣ ጥርሱ… አዝመራው ማለቴ ነው። ይህን ማሳ የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ በሽታ መታው። ዋግ በይው። አንገቱ ሥር አብጦ አልከስም አለ። የማሳ አንገት የት ነው ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ዳገቱ ጋ ነው።

ጸበል ወሰዱት። ደግ አደረጉ። እብጠቱ አልሄድ ሲል አዲስ አበባ ወሰዱት። አዎ፣ ማሳውን፣ በአውቶቡስ። እዚያ አንድ ነጭ ጋዎን የለበሰ የግብርና ሠራተኛ አየው። በአዲስ አበባ ግብርናዎች ነጭ ነው የሚለብሱት መሰለኝ። «አይዞዎት፣ ይድናል» አላቸው። «ኃይለኛ የሚረጭ መድኃኒት አለን፤ ዋጉን ይገድለዋል። ነገር ግን መድኃኒቱ ዘሩንም ሊያደርቀው ይችላል። ስለዚህ ርጭቱን ሳንጀምር ከዘሩ ጥቂት ወስደን በብርቱ ቅዝቃዜ እናስቀምጥለት። ስንት ዓመት ቢቆይ አይበላሽም። ድኖ፣ ትዳር ይዞ፣ ልጅ ሲፈልግ… አዝመራ ሲፈልግ ያንን ያወጣል። ለወንድም ለሴትም ይደረጋል፤ ግን ከርጭቱ በፊት ነው፣ በኋላ ብትመጡ አይሆንም» አላቸው። ለወንድም ለሴትም ማለቱ ምን እንደሆነ እኔ እንጃ። ገብስ ወንድና ሴት ካለው አንቺ ገበሬ ነሽ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ሸማ ሻጭ ነኝ።

አሁን ይህ ሰው ለማን ነው ስለ ዘር የሚያስተምረው? ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! እመቤቲቱ ሳቁበት። «ልጄ፣ አንተ የላስታን ደጋ አታውቀውም» አሉት። «እኛ አገር ውርጭ የሚሉት ነገር አለ። ውርጭ የነካውን እህል እኔ ለዘር አልይዝም። አንተ ጭራሽ አውቀህ በበረዶ ልትቀብረው? እሱስ ቢበቅል ምን ሆኖ ነው የሚበቅለው?» ሐቃቸውን አይደለም እንዴ? ውርጭ የመታው ገብስ ሲያፈራ አይተሻል? እኔ አላየሁም። ሰውየው «እማማ፣ ይሄ እኮ ገብስ አይደለም» እያለ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ገብስ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እኔ ይኸው እስካሁን ገብስ ነው ብዬ ነው የማጫውትሽ።

ከዚያ ዘሩ እንዴት እንደሚወሰድ ነገራቸው… እሱን ይቅር፣ አላወራውም፣ በዚህ መነኩሴም ያልፋል። ማሳው ራሱ ብቻውን ክፍል ገብቶ ነው አሉ። ሰሞኑ ደግሞ ሑዳዴ! «በጾም?» አሉ እመቤቲቱ። «ልጄ በጾም እንዲህ ያለውን… ማሳዬ እንዲህ ያለውን አያደርግም። ከፋሲካ ወዲያ እንነጋገርበታለን።» ሰውየው «እማማ፣ ዋጉ ፋሲካን አይጠብቅም፤ ርጭቱ ሰኞ ይጀመራል» አለ። «እንግዲያው ርጩት» አሉ። ቁርጥ ያለ ነገር የሚወዱ ሰው ናቸው። ማሳውን ማን ጠየቀው? ሰውየውስ ዞር ብሎ ጠይቆት ነበር። ጎልማሳ ነው፣ አፍ አለው። እሱ ግን የእናቱን… የባለቤቱን ዓይን አየና አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት አየ። ማሳ መሬት ካላየ ምን ያያል?

ተረጨ። ጸጉሩ ረገፈ… ቅጠሉ ረገፈ። ኋላም ዳነ። ተመስገን፤ ይህችን ከልቤ ነው የምልሽ፣ እንኳንም ዳነ። ሲሰናበቱ ሰውየው «ሁለት ዓመት ሲሆነው መልሳችሁ አምጡት። አንዳንዱ ይመለስለታል፣ አንዳንዱ አይመለስለትም። መርምረን እንነግራችኋለን፤ አልሆነም ቢባል ሌላ መላ እንፈልጋለን፤ የሚታፈርበት ነገር አይደለም» አላቸው። እሺ ብለው ተለዩ። ሁለት ዓመቱ ሲሞላ አዲስ አበባ የሄዱ መሰለሽ? የለም። ወዴት ሄዱ መሰለሽ? እዚሁ መጡ፣ ከዚችው ሸራ ሥር። የሙሽራ ቀሚስ ሊያስመርጡ።

በይ ገብሱ እዚህ ላይ አለቀ። አሁን ስለ ሙሽራ እናውራ፤ ሁለቱ ነገር አይገናኝም።

የመጀመሪያዋን ሙሽራ ያለበስኳት እኔ ነኝ። ቀሚሱንም ነጠላውንም፣ ያለ ዋጋ። ይማርሽ የወንድሜ የገብረመስቀል ልጅ ናት… ምነው ተነሳሽ ገለቴ? ተቀመጪ እንጂ! አልነገሩሽም? አይ፣ ረስተውት ነው። የሠርግ ሐሳብ ያለበት ሰው ምኑን ያስታውሳል? ቂም የለኝም፣ አይዞሽ፣ ነጠላ እየሸጥኩልሽ አይደል?

ምራት አያያዛቸውን ላጫውትሽ፤ ነገ ልጅሽ የምትገባበት ስለሆነ ብታውቂው ይጠቅምሻል። በመጀመሪያው ዓመት በየጠዋቱ «ምግብ አልሸተተሽም? አላቅለሸለሸሽም?» እያሉ ይጠይቋት ነበር። የሚጠይቅ አማት ማግኘት መታደል ነው። ይማርሽ ወልድያ ወርዳ ታየች። ሐኪሟ «አንቺ ምንም የለብሽም፤ ባልሽን ይዘሽ ነይ» አለቻት። ይህን መጥታ ስትነግራቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ወልድያ ቆላ ነው፤ የቆላ ሐኪም የደጋ ሴት ማኅፀን ምኑን ያውቀዋል?» አሉ። እንዲህ ያለ መልስ ሳይማሩ ከየት ይመጣል? ከተፈጥሮ ነው።

ከዚያ ደግሞ የማኅበሩን ሰው ሁሉ «ለምራቴ ጸልዩላት፣ ማኅፀኗን ይፍታላት» እያሉ ለመኑላት። በማርያም ማኅበር፣ በሚካኤል ማኅበር፣ በለቅሶ ቤት፣ በሠርግ ቤት። እንዴት ያሉ አዛኝ ናቸው! ጸሎት እያስደረጉ ስሟን ለላስታ ሁሉ አደሉላት። ዛሬ ይማርሽ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ እርጉዝ ሴት ከፊቷ ዘወር ትላለች። ያን ያህል ነው የተጸለየላት።

በገና ደግሞ ቤተ ማርያም ወሰዷት። ገንዳውን ታውቂዋለሽ፣ ግቢው ውስጥ ያለውን፣ ላዩ አረንጓዴ የለበሰውን። ልጅ ያጡ ሴቶች ለገና በገመድ ተይዘው የሚነከሩበት። በማርያም ጸበል የሚቀልድ ምላሱ ይቆረጥ፤ ስንቷ ተነክራ ወልዳ ስማለች። እኔም አምናለሁ። ግን እስቲ አንቺ ፍረጂኝ፤ የታመመው ሌላ፣ የሚነከረው ሌላ ሲሆን ማርያምስ ግራ አይገባትም? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ ዳውላን እንኳ ውሃ አያስነኩትም… ማን ታመመ አልኩ? አህያ ነው ያልኩት።

የታኅሣሥን ብርድ ለኩልመስክ ሰው አልነግርም። በወገቧ ገመድ አስገብተው ሲያወርዷት አልጮኸችም። ሲያወጧት ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ባሏ ደረቁን ነጠላዋን ይዞ ዳር ላይ ቆሟል። እሳቸው ከጎኑ ቆመው ያለቅሳሉ። ለምራቷ የምታለቅስ አማት የት አለች? ሳያውቁ ማልቀስ ለማንም ይቀላል እኮ፤ እያወቁ ማልቀስ ነው ጉልበት የሚጠይቀው።

ሁለተኛው ገና ላይ እግሯን በእጄ ይዤ ያሸሁት እኔ ነኝ። አልሞቅ አለኝ። «አክስቴ፣ ማርያም ጠልታኝ ይሆን?» አለችኝ። ያን ቀን አለቀስኩ። ተናደድኩም፤ እስከ ዛሬም እንደተናደድኩ ነኝ። ይቅር በይኝ ገለቴ፤ ገበያ ላይ የምታለቅስ ሸማ ሻጭ ዕቃዋን ነው የምታረጥበው።

ሙሽራሽን… ሙሽራውን ማለቴ ነው፣ አስጎብኚ ነው ብለውሻል። እውነት ነው። እንግሊዝኛው እንደ ጅረት ይወርዳል። ፈረንጆቹን ከዚያው ገንዳ ዳር አቁሞ «ልጅ የማይወልዱ ሴቶች እዚህ ይነከራሉ» ብሎ ያስረዳቸዋል። አንዷ ፈረንጅ «ወንዶቹስ የት ነው የሚነከሩት?» ብላ ጠየቀችው አሉ። ሳቀ አሉ። ፈረንጅ መቼም ጥያቄ ያበዛል።

ልጁ ክፉ እንዳይመስልሽ። ክፉ ቢሆንማ በተገላገልን ነበር። ደግ ነው፣ ጭምት ነው፣ የእናቱን ቃል አይሰብርም። ሁለተኛው ገና ላይ ከገንዳው ሲመለሱ መንገድ ዳር ቁጭ አለና አንድ ነገር ነገራት። ነግሮም በወንጌል አስማላት። አሥር ወር ብቻዋን ይዛው ኖረች። ለፍቺ ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው ሲባል አልችል ብሏት ለእኔ ነገረችኝ፣ እኔንም በማርያም አስማለችኝ፤ ስሙና ሕመሙ ከአፌ እንዳይወጣ። አልወጣም። አስታውሺ እስቲ፣ ስም ጠራሁ? ስለ ገብስ ነው ያጫወትኩሽ። ካጎደልኩ ማርያም ትታዘበኝ።

እሳቸውንም አልፈርድባቸውም። እናት ናቸው። አንድ ወንድ ልጅ ከሞት አፍ ተመልሶላቸው፣ ከዚያ በላይ ሰው በጣት እንዳይጠቁምበት ፈሩ። እኔም ብሆን እፈራ ነበር። ፍርሃት ግን የራስ ልብስ ነው እታለም፤ ለወንድሜ ልጅ አልብሰው ገበያ ለገበያ ሲያዞሯት ነው ያልወደድኩላቸው።

«ተፋተዋል» ብለውሽ ነው የመጣሽው አይደል? እንዴት ያለ ፈጣን ምላስ ነው! ሽማግሌው የሚቀመጠው ገና ነገ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ። ይማርሽ ነገ ከወንድሜና ከጎረቤት ሁሉ ፊት «መካን ናት» ተብላ ነው የምትሰናበተው። ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ይህ ስም አንዴ ከተለጠፈ በየትኛው ጸበል ይለቃል? ለቸኮለ ሰው ግን ነገም ሩቅ ነው፤ ይኸው የጥር ሠርግ ነጠላ በኅዳር ገበያ።

እኔ ነገ አልናገርም፣ ምያለሁ። ይማርሽም አትናገርም፣ ምላለች። እሱም አይናገርም፣ እናቱ አሉበት። እሳቸው… እሳቸው ምን ቸገራቸው? በዚህ ነገር ውስጥ ያልማለ ሰው ማን ቀረ ብዬ ሳስብ ሳስብ፣ አንዲት ከኩልመስክ የመጣች ሴት ብቻ ናት የምትታየኝ።

ምን በዪ አልኩሽ? ምንም። እንዲያው ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑም ቢሆን ከጋብቻ በፊት የደም ምርመራ አምጡ ይል የለ? ማንም አይቆጣም። አንዲት እናት ብድግ ብላ «የእኔ ልጅ ትታያለች፤ ሙሽራውም አዲስ አበባ ወርዶ ያዳነውን ሐኪም አነጋግሮ ይምጣ፤ ሽማግሌውም ጥሩም እስከዚያ ይቆዩልን» ብትል ነውር ነው? የሚደብቅ ነገር የሌለው ሰው በዚህ ይከፋል? እሳቸውማ ደስ ነው የሚላቸው፤ ዘር ሳያዩ የሚዘሩ ሰው አይደሉም።

ማን ያውቃል፣ ተመልሶለትም ይሆናል። ዛሬ የሐኪም መላ ብዙ ነው አሉ። ባይመለስለትም ይማርሽ «እውነቱ ይነገር እንጂ አብሬው እኖራለሁ፤ የምናሳድገው ልጅ አይጠፋም» ብላለች። ባሏን ትወደዋለች፤ ምን ታደርጊዋለሽ? ያልቻለችው የሰውን ስም ተሸክሞ ውሃ ውስጥ መግባቱን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ እኔ ግን ሙሽራ ሲገኝለት አየሁ። አንዴም አይደል፣ ሁለቴ።

አንቺ ግን በእኔ ወሬ ሠርግሽን እንዳታቆዪ! ያልበቀለ ዘር መሬት ይቀየርለታል፤ የገበሬ ወግ ነው። የስምንት ልጆች እናት ልጅ… እንዴት ያለ መሬት! ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው? ሃያ? ታድላለች። ለከርሞ ገና ከገንዳው ዳር ቦታዋ የተያዘ ነው። ገመዱም ያው ይማርሽን የያዘው ነው፤ ጠንካራ ነው፣ አይበጠስም። እሳቸውም አሉ፤ ያለቅሱላታል።

ነጠላውን አጠፍሽው? እንደወደድሽ። አይ፣ አልተቀየምኩም። ከአያያዝ ይቀደዳል ከአነጋገር ይፈረዳል ይላሉ፤ አያያዝሽን አየሁት፣ ለስላሳ ነው። አነጋገርሽን ደግሞ… ተነሺ፣ ተነሺ፣ መጡ።

እንደምን ዋሉ እትዬ! በዚህ በኩል ይምጡ፣ ጥላ አለ። በርጩማውን ላቅርብልዎ። ምነው ባዶ እጅዎን መጡ? ይህን ሁሉ ቆይተው በርበሬው አልጣመዎትም? እኔማ እንግዳዎን ሳጫውትልዎ ነበር። ስለ ሙያዎ ነው የነገርኳት እትዬ፤ ስለ ዘር አያያዝዎ፣ ውርጭ እንዴት እንደሚጠሉ… ምነው፣ ፀሐዩ መታዎት? ውሃ ይምጣልዎ? ስለ እርስዎ ክፉ የሚናገር አፍ በላሊበላ አለ እንዴ? አንድም ስም ሳይጠራ ነው የተጨዋወትነው፤ ይኸው ገለቴ ምስክሬ ናት።

ነጠላው? አልተሸጠም እትዬ። እንግዳዎ መጀመሪያ አንድ ነገር ልትጠይቅዎ ነው መሰለኝ። የእኔ ጥያቄ አይደለም፤ እኔ ሸማ ሻጭ ነኝ። እዚሁ ትጠይቅዎ ወይስ ነገ ከሽማግሌዎቹ ፊት ይሻልዎታል? እንደ ፈቃድዎ። እሷ እንደሆነች አልማለችም፤ የትም ትጠይቃለች።

በሉ እጅዎን ይስጡኝ፣ ሳልመርቅዎ አልሰድዎትም። እርስዎ ለልጅዎ ያልሆኑት የለም፤ እንደ እርስዎ ያለች እናት በዚህ አገር አልበቀለችም። ማርያም ከልጅዎ አትለይዎ። በመካከላችሁ ማንም አይግባ። ምራት ተመላልሳ ቤታችሁን አታውክ፣ ሕፃን አልቅሶ እንቅልፋችሁን አይንሳ። እርስዎና እሱ ብቻ፣ በአንድ ጣራ ሥር፣ ፊት ለፊት እየተያያችሁ እድሜ ይስጣችሁ… ረጅም እድሜ። አሜን ይበሉ እንጂ እትዬ።